በሳብዕ የሚያልቅ ስም

ልደት ሊያስመዘግቡ የሚመጡ ወጣት ወላጆች አጭርና በ‹ኦ› ድምፅ የሚያልቅ የወንድ ስም እየወደዱ መጥተዋል። ሊዮ፣ ኤንዞ፣ ሚሎ፣ ማቴዮ እያሉ ከስልካቸው ላይ ያነቡልኛል። እኔ የክብር መዝገብ ሹም ነኝ፤ ሥራዬ ያመጡትን ስም መመዝገብ እንጂ ስም ማውጣት አይደለም። ካማከሩኝ ግን የማምንበትን እነግራቸዋለሁ፦ ይህ ድምፅ አያቶቻችሁ ቤት ሞልቷል፤ መጀመሪያ እዚያ ፈልጉ።

ቦረናን ብቻ እንውሰድ። ቀን የተወለደ ጉዮ፣ ሲመሽ የተወለደ ገልገሎ፣ ሌሊት የተወለደ ሀልከኖ ይባላል። የበዓል ሥርዓት ላይ የደረሰው ጅሎ ነው። ስም ከአያት ስለሚወረስ ገልገሎ ሁሉ ማታ ተወልዷል ማለት አይደለም፤ ግን የስሙ መነሻ ሰዓቱ ነው።

አንድ ባልና ሚስት ‹ሊዮ› ብለው ቆርጠው መጡ። የአባትየው እናት ከያቤሎ ለአራስ ጥየቃ መጥተው ስለነበር አብረው ገቡ። ቅጹን መሙላት ስጀምር እማማ ጎንበስ ብለው፣ «ልጄ፣ ስንት ሰዓት እንደተወለደ አትጠይቃቸውም እንዴ?» አሉኝ። እናትየዋ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እንደወለደችው ተናገረች። «ታዲያ ገልገሎ ነዋ!» አሉ እማማ። አባትየው ዝም አለ፤ ቆይቶም የገዛ አያቱ ስም ገልገሎ እንደነበር ነገረን። ሕጉ ለልደት ምዝገባ 90 ቀን ይሰጣል፤ የእነሱ ጊዜ ገና ስለነበር ተመካክረው እንዲመጡ መከርኳቸው። በሳምንቱ ተመለሱ። ውሳኔውን የነገረችኝ እናትየዋ ናት፦ «ሁለቱንም እየቀያየርኩ ስጠራው ሰነበትኩ፤ ገልገሎ ከአፌ ቀለለኝ።» በመዝገቡ ገልገሎ ተብሎ ገባ፤ ሊዮ የቤት ስሙ ሆነ።

እኔም ለሌሎች የምመክረው ይህንኑ ነው። ስሙን ከመጻፋችሁ በፊት ጥሩት። ከጓሮ ሆናችሁ ጥሩት፣ ቀስ ብላችሁ ጥሩት፣ ‹ዬ› ጨምራችሁ አቆላምጡት። በሳብዕ፣ ማለትም በ‹ኦ› ድምፅ፣ የሚያልቅ ስም ለዚህ ይመቻል፤ ጃርሶዬ፣ ዋቆዬ ሲባል ስሙ አይሰበርም። ከአባት ስም ጋር አያይዛችሁም ጥሩት፤ ልጁ ትምህርት ቤትም ሆነ ቀበሌ የሚጠራው በሁለቱ ነውና። አባቱም በ‹ኦ› የሚያልቅ ስም ካለው ይደጋገማል ብላችሁ አትስጉ። የቦረናውን ገጣሚ ጃርሶ ዋቆን በሙሉ ስሙ ጠርታችሁ ስሙት፤ እንዴት ያምራል!

ቦረና ብቻም አይደለም። የታሪክ ጸሐፊው ላጲሶ ጌ. ዴሌቦ የራሳቸውም የአያታቸውም ስም በሳብዕ ያበቃል። በመሬት ጉዳይ ጥናቶቻቸው የሚታወቁት የደሳለኝ ራህመቶ አባት ስምም እንዲሁ። ከዓድዋ ጀግኖች አንዱ ደጃዝማች ባልቻ አባታቸው ሳፎ፣ የፈረስ ስማቸው አባ ነፍሶ ነው።

በአማርኛም ማሞ አለ። ወላጆች ይህን ስም ሳነሳባቸው ‹ማሞ ቂሎ› ትዝ ይላቸውና ይሸሻሉ። በተረት ምክንያት እንዲህ ያለ ስም መተዉ ያሳዝነኛል። በ1968 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ላይ የኦሊምፒክ ማራቶንን ያሸነፈው ማሞ ወልዴ ነው።

የውጭ ስም ነውር ነው አላልኩም። በ1962 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ ዋንጫን ላነሣው ብሔራዊ ቡድናችን አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር፤ ወንድሙ ኢታሎም በፍጻሜው ጎል አግብቷል። የእነሱ አባት ጣሊያናዊ ነበሩ፤ ስማቸው የቤታቸው ስም ነው። ማርኮን የወደደ ወላጅም ማርቆስ ብሎ አስመዝግቦ በቤት ማርኮ ቢለው ልጁ ሁለቱንም ያገኛል።

ከምርጫው በኋላ የአጻጻፉ ጉዳይ አለ፤ እኔን በጣም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። በእጅ የተጻፈ ‹ቆ› በቀላሉ ‹ቁ› ይመስላል፤ ‹ዮ›ም ‹ዩ› ሆኖ ይነበባል። ዋቆ ዋቁ፣ ጉዮ ጉዩ ሆኖ ከሆስፒታል ይመጣል። በላቲን ፊደል ሲሆን ደግሞ ይብሳል፦ የአባትየው መታወቂያ ላይ ዋቆ በ‹ኪው›፣ የልጁ ማስረጃ ላይ በ‹ኬ› ይጻፍና ፓስፖርት በሚወጣበት ጊዜ አባትና ልጅ ባዕድ ይሆናሉ። ያኔ እርማት ለማግኘት ምስክርና ማስረጃ ይዞ መመላለስ ይመጣል።

በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ክርስትና ይነሣል፤ ሙስሊም ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ በሰባተኛው ቀን ስም ያወጣል። ሁለቱም ከ90 ቀኑ በፊት ናቸው፤ አያቶችን ለመጠየቅ ጊዜው ይበቃል። ወላጆች ሆይ፣ ወደ እኛ ስትመጡ ስሙን በግዕዝ ፊደልም በላቲንም በወረቀት አስፍራችሁ፣ የአባትየውን መታወቂያ አጠገቡ አድርጋችሁ አምጡ። ከመፈረማችሁ በፊት ደግሞ የጻፍነውን ፊደል በፊደል አንብቡት።