«በየ8 ሰዓቱ» እና «በ8 ሰዓት»፦ ለእናቴ ያስተማርኳት እንግሊዝኛ

ባለፈው ጥቅምት እናቴ ጥርሷን ታማ ሐኪም ዘንድ ሄዳ ነበር። የምንኖረው እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከጆርጂያ አቬኑ ብዙም በማይርቅ አፓርታማ ነው። እኔ ሥራ ላይ ስለነበርኩ የወሰደቻት የአክስቴ ልጅ ናት። መድኃኒቷን ተቀብላ ቤት ከገባች በኋላ የብልቃጡን ጽሑፍ ፎቶ አንስታ ላከችልኝና ደወለች። ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ፎቶውን አየት አደረግኩና «እማዬ፣ በየ8 ሰዓቱ አንድ ፍሬ፣ ከምግብ ጋር» አልኳት።

«በእኛ ነው በፈረንጅ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«በፈረንጅ!» አልኩና ዘጋሁት።

ይህን የሚያነብ ሐበሻ ሁሉ ጥፋቱ የቱ ጋ እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። እናቴ «በየ8 ሰዓቱ» ያልኳትን «በ8 ሰዓት» ብላ ነው የሰማችው። በእኛ ከሆነ ከምሳ በኋላ፣ በፈረንጅ ከሆነ ጠዋት። ስለዚህ በቀን 3 ጊዜ መዋጥ የነበረበትን አንቲባዮቲክ 4 ቀን ሙሉ ጠዋት ጠዋት አንድ አንድ ብቻ ዋጠች። በአምስተኛው ቀን ጉንጯ አብጦ፣ ትኩሳት ይዟት ተመልሰን ሄድን። ደግነቱ የከፋ ነገር ሳይመጣ ተረፈች። እኔን ግን ጥያቄዋ እስካሁን ይከነክነኛል። «በየ8 ሰዓቱ» የእኛም የፈረንጅም የለውም፤ 8 ሰዓት ርዝመቱ የትም አገር አንድ ነው። «በእኛ ነው በፈረንጅ?» ስትለኝ እንዳልተግባባን እየነገረችኝ ነበር። የሚሰማ ጆሮ ነው ያልነበረኝ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ስህተቱ የተፈጠረው በአማርኛ ነው። የብልቃጡ እንግሊዝኛ ምንም አልጎደለውም። የጎደለው እናቴ እኔን ሳትጠብቅ ራሷ አንብባ ማድረግ መቻሏ ነው።

የምናውቀው እና የማንችለው

እናቴ ፊደል ያልቆጠረች ሴት አይደለችም። አዲስ አበባ 12ኛ ክፍል ጨርሳ ለዓመታት በጸሐፊነት ሠርታለች። «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» በሏት፣ እንደ ውዳሴ ማርያም ነው የምትወርድላችሁ። ዓረፍተ ነገርን ከአክቲቭ ወደ ፓሲቭ መገልበጥ ዛሬም አይጠፋትም። ከዚያ ጉድ በኋላ ብልቃጡን ሰጥቻት «እስቲ አንብቢው» አልኳት። «ቴክ ዋን ካፕሱል ባይ ማውዝ ኤቭሪ ኤይት አወርስ ዊዝ ፉድ» ብላ አንድ ቃል ሳትስት አነበበችው። «ባይ ማውዝ» ላይ ስትደርስ ሳቀች። «በአፌ ካልዋጥኩት በምን ልዋጠው?»

ማንበቡን ትችላለች። «በል እንግዲህ የዛሬውን በሰዓት በሰዓቱ ጠረጴዛው ላይ ደርድሪልኝ» ስላት ግን እጇ ቆመ።

ይህ የእናቴ ችግር ብቻ አይደለም፣ የስደተኛ ችግርም ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 አናልስ ኦፍ ኢንተርናል ሜዲስን በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሆኑ 395 ታካሚዎችን የመድኃኒት ብልቃጥ ጽሑፍ አስነብቦ ነበር። አንደኛው ጽሑፍ «2 ፍሬ በአፍ፣ በቀን ሁለት ጊዜ» የሚል ነው። የማንበብ ችሎታቸው ዝቅ ካለው ታካሚዎች መካከል 71 በመቶው ጽሑፉ የሚለውን በትክክል ተናገሩ። «በሉ በቀን የሚወሰደውን ቆጥራችሁ አሳዩን» ሲባሉ ግን 4 ፍሬ ቆጥረው ያሳዩት 35 በመቶው ብቻ ናቸው። ቋንቋው የአፍ መፍቻቸው ሆኖ እንኳን መናገርና ማድረግ የተለያዩ ነገሮች ሆነው ተገኙ።

እኛ አገር ቤት እንግሊዝኛን የተማርነው ለፈተና ነው፤ ባዶ ቦታ ሙሉ፣ ትክክለኛውን ምረጡ። እዚህ አገር ሕይወት የሚጠይቀን ግን ሌላ ነው፤ «ይህን አድርግ፣ እዚያ ላይ አስቀምጥ፣ በዚያ በኩል ታጠፍ»። ትምህርቱ ተራ ይመስላል፤ ትእዛዝ አንቀጽና መስተዋድድ። ሁለቱም ግን ከአማርኛ ለሚመጣ ሰው ወጥመድ አላቸው።

አንድ «ቴክ» ለአራት ሰው

አማርኛ ሲያዝ መጀመሪያ ሰውየውን ያያል። ለወንድ «ውሰድ»፣ ለሴት «ውሰጂ»፣ ለብዙዎች «ውሰዱ»፣ ለምናከብረው «ይውሰዱ»። አክብሮቱ ግሡ ውስጥ ስላለ ሌላ ጨምሩ አያሰኝም። እንግሊዝኛው ግን ለፕሬዚዳንቱም ለሕፃኑም ያው «ቴክ» ነው። አክብሮቱን የሚያስቀምጠው ከግሡ ውጪ ነው፤ በ«ፕሊስ»፣ በ«ኩድ ዩ»፣ በድምፅ ቃና።

አሌክሳንድሪያ ፓርኪንግ የሚሠራ አንድ ጓደኛዬ በዚህ የተነሳ አቤቱታ ቀርቦበታል። በልቡ «ቁልፍዎን ይስጡኝ» እያለ ነው በአፉ «ጊቭ ሚ ዩር ኪይ» የሚለው። ደንበኛዋ የሰማችው «ቁልፍሽን አምጪ» የሚል ነው። እሱ ጨዋ ልጅ ነው፤ ጨዋነቱ መንገድ ላይ ነው የቀረው። ዛሬ «ሜይ አይ ሃቭ ዩር ኪይ፣ ፕሊስ?» ይላል፣ ቲፑም ተሻሽሏል።

ተቃራኒውም አለ። እኔ ማስተርሴን ጨርሼ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አለቃዬ ኮዴን አይቶ «ዩ ማይት ዋንት ቱ ሪኔም ዚስ» ብሎ ጻፈልኝ። «ስሙን መቀየር ልትፈልግ ትችል ይሆናል» እንደማለት ነው። እኔ ደግሞ አልፈለግኩም፤ ተውኩት። በሦስተኛው ቀን ለምን እንዳልቀየርኩ ተጠየቅኩ። ለካ ትእዛዝ ኖሯል! የፈረንጅ አለቃ ትእዛዙን በምኞት ጠቅልሎ ነው የሚሰጥህ።

አደጋ ሲመጣ ግን መጠቅለያው ሁሉ ይወልቃል። «ስቶፕ!» «ጌት ባክ!» ይባላል። ያኔ «ኩድ ዩ ፕሊስ» እያለ የሚያሰላስል ሰው ይዘገያል። ስለዚህ ትእዛዝ አንቀጽን ማወቅ ማለት የግሡን ቅርጽ ማወቅ ብቻ አይደለም። ቅርጹማ ቀላል ነው። መቼ ራቁቱን እንደሚባል፣ መቼ እንደሚለብስ ማወቅ ነው።

«በ» ስንት ሥራ ትሠራለች?

ሁለተኛው ወጥመድ መስተዋድድ ነው። የእኛ «በ» ጉደኛ ሠራተኛ ናት። በአውቶቡስ፣ በጠዋት፣ በ8 ሰዓት፣ በቢላ፣ በሜሪላንድ። እንግሊዝኛ ለእነዚህ «ባይ»፣ «ኢን»፣ «አት»፣ «ዊዝ» እያለ በየተራ ሌላ ሠራተኛ ይቀጥራል። «ከ»ም እንዲሁ ናት፤ ከቤት ስትል አንድ፣ ከእናቴ ጋር ስትል ሌላ፣ ከእሱ ይበልጣል ስትል ደግሞ ሦስተኛ። በዚያ ላይ እኛ ቦታን በሁለት እጅ ነው የምንይዘው፤ «ከአልጋው ሥር»፣ «በሳጥኑ ውስጥ» እያልን ከፊትም ከኋላም። የፈረንጁ ከፊት ብቻ ነው።

አቅጣጫ ስንናገርም ልዩነቱ ይታያል። አዲስ አበባ ላይ «መገናኛ ስትደርስ ከማደያው ፊት ለፊት ባለው ቅያስ ገብተህ፣ ሱቁን አልፈህ ደውልልኝ» ካልን በቂ ነው። እዚህ ግን ስም፣ ቁጥርና መስተዋድድ ይፈለጋል። የሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ መጻሕፍትን እንውሰድ። ከተማው «ኢን ሲልቨር ስፕሪንግ»፣ መንገዱ «ኦን ዌይን አቬኑ»፣ ቁጥሩ «አት 900 ዌይን»። ከሰፊው ወደ ጠባቡ፤ ከተማ ኢን፣ መንገድ ኦን፣ ቁጥር አት። ለእናቴ በወረቀት ጽፌ ፍሪጁ ላይ የለጠፍኩላት የመጀመሪያ ሕግ ይህ ነው። ምክንያቱም 911 ሲደወል መጀመሪያ የሚጠየቀው የት እንደሆንክ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ ትእዛዝ ብቻ ነው። ልቡ የቆመ ሰው አጠገብ ላለ ደዋይ የ911 ሠራተኛው አምቡላንሱ እስኪደርስ በስልክ ያዘዋል። «ጀርባው ላይ አስተኛው፣ እጅህን ደረቱ መሐል ላይ አድርግ፣ በኃይል ወደ ታች ግፋ።» ሦስቱም ትእዛዝ፣ ሦስቱም በመስተዋድድ የታሰሩ ናቸው። አስተርጓሚ በስልክ ማስገባት ይቻላል፤ ግን ያኔ እያንዳንዷ ሰከንድ ዋጋ አላት።

በአንድ መስተዋድድ ምን ሊመጣ ይችላል ለሚል፣ ዓለም የማይረሳው ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 1977 በካናሪ ደሴቶች ቴነሪፍ አውሮፕላን ማረፊያ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች መንደርደሪያው ላይ ተጋጭተው 583 ሰው አለቀ። ጭጋጉ፣ የሬዲዮው መደራረብ፣ ሳይፈቀድለት መንደርደር የጀመረው ካፒቴን፣ ብዙ ምክንያት ነው የተደማመረው። ከእነዚህ መካከል አንዱ የሆላንዳዊው ረዳት አብራሪ አነጋገር ነበር። «ዊ አር ናው አት ቴክኦፍ» አለ። እሱ እየተነሳን ነው ማለቱ ሳይሆን አይቀርም፤ በራሱ ቋንቋ «አሁን እያደረግን ነው» ለማለት መስተዋድድ ይገባል። ተቆጣጣሪው ግን «አት»ን እንደ ቦታ ወሰደው፤ መነሻው ላይ ቆመን እየጠበቅን ነው እንደማለት። ከዚያ በኋላ የአቪዬሽኑ ዓለም «ቴክኦፍ» የሚለው ቃል ለመነሻ ፈቃዱ ለራሱ ወይም ለመሰረዙ ካልሆነ በቀር በሬዲዮ እንዳይነገር ወሰነ። በሌላው ጊዜ «ዲፓርቸር» ይባላል። ሰውየው እንግሊዝኛ አልቸገረውም ነበር። የራሱ ቋንቋ መስተዋድድ ነው ያመለጠው።

ከመጽሐፍ ወደ ጀበና

ታዲያ እንዴት እናስተምራቸው? እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጄምስ አሸር የተባለ የካሊፎርኒያ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር አንድ ዘዴ አስተዋወቀ፤ ቶታል ፊዚካል ሪስፖንስ ይባላል። ሐሳቡ ከሕፃን የተቀዳ ነው። ሕፃን ከመናገሩ በፊት ለወራት «ና፣ ስጠኝ፣ አስቀምጥ» ሲባል እየሰማ በገላው ይመልሳል። አዋቂም እንዲሁ ይጀምር፤ አስተማሪው ይዘዝ፣ ተማሪው ይታዘዝ፣ አፍ በኋላ ይከተላል። ሲለምድ ደግሞ ተማሪው ራሱ ያዛል።

እኔ ከመጨረሻው ጀመርኩ፤ እናቴ እንድታዘኝ። ማዘዙን መቼም ታውቅበታለች! ሕጉ አንድ ነው፤ እኔ እንደ ኮምፒውተር ነኝ፣ ያለችውን እንጂ ያሰበችውን አላደርግም። «ፑት ዘ ካፕ ኢን ዘ ቴብል» ስትለኝ የጠረጴዛውን መሳቢያ ስቤ ሲኒውን ከተትኩት። «አንተ ልጅ፣ ላይ ነው ያልኩህ!» «ኢን ነው ያልሽው፣ እማዬ።» «እሺ… ኦን!» ከዚያ ቀን ጀምሮ ኢን እና ኦን ተምታተውባት አያውቁም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ቡና አለ። ጎረቤታችን የሆነች አንዲት አሜሪካዊት ጡረተኛ ቡና አፈላል መማር እፈልጋለሁ ስትል እናቴ መምህር ሆነች። ቡናውን እጠቢ፣ ምጣዱ ላይ አድርጊ፣ ሳታቋርጪ አገላብጪ፣ ውሃውን ጀበናው ውስጥ ጨምሪ፣ እሳቱ ላይ ጣጂው፣ ሲገነፍል ከእሳቱ ላይ አንሺው። አንድ ቡና ማፍላት ውስጥ ኢንቱ፣ ኦን፣ ኦፍ፣ ፍሮም፣ አንቲል ሁሉም አሉ። ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። ጀበናው ፊት ስትቀመጥ እናቴ እንግሊዝኛ የማትችል ስደተኛ አይደለችም። ሥራውን የምታውቀው እሷ ናት፤ የሚጎድላት ቃል ብቻ ነው፤ እሱም ከእጇ ጋር አብሮ ይመጣል።

እዚህ ላይ ለእኔ ቢጤ ልጆች አንድ ነገር ልበል። እኛ አስተርጓሚ መሆንን እንደ ውለታ እንቆጥረዋለን። በስብሰባ መሐል በግማሽ ጆሮ የሚሰጥ ትርጉም ግን ምን እንደሚያመጣ አይቼዋለሁ። አስተርጓሚ መብት በሆነበት ቦታ መብቱን እንጠቀም፤ ለምሳሌ የዋሽንግተን ዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ቋንቋ ለሚቸግረው እንዲያስተረጉሙ ያስገድዳል፤ አማርኛም ካካተታቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። በሞንጎመሪ ካውንቲም ቤተ መጻሕፍቱ ነፃ የእንግሊዝኛ መነጋገሪያ ክበቦች አሏቸው፣ ሞንጎመሪ ኮሌጅም ለአዋቂዎች ያስተምራል። እናቶቻችንን እንውሰዳቸው። ማታ 4 ሰዓት ላይ ብልቃጥ ይዘው ኩሽና ሲቆሙ ግን ክበቡም አስተርጓሚውም የሉም።

ስለዚህ በቀን 15 ደቂቃ፣ ጠረጴዛ፣ ሲኒ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ይበቃል። ግራመሩን ለጊዜው ተዉት። «ገባሽ?» ብላችሁም አትጠይቁ፤ እናቶቻችን ላለማስቸገር ሲሉ ሁልጊዜ «ገባኝ» ነው የሚሉት። «አሳዪኝ» በሉ።

ባለፈው ወር እናቴ አዲስ መድኃኒት ታዘዘላት። መስኮቱ ጋ እኔ ከኋላዋ ቆሜያለሁ። ፋርማሲስቷ ቶሎ ቶሎ አስረዳችና ጨረሰች። እናቴ ብልቃጡን መልሳ ወደ እሷ ገፋ አደረገችውና ረጋ ብላ «ኩድ ዩ ሾው ሚ፣ ፕሊስ? ኤቭሪ ትዌልቭ አወርስ፣ ኦር አት ትዌልቭ?» አለቻት። ፋርማሲስቷ ብዕር አወጣችና ክዳኑ ላይ ፀሐይና ጨረቃ ሣለችላት።

እናቴ ወደ እኔ ዞር ብላ «በል እንሂድ» አለችኝ።