ሽፈራው የትኛው ነው?

«ሞሪንጋ» የሚል ማሸጊያ ስታዩ ዝርያውን ጠይቁ። የእኛ ሽፈራው ሞሪንጋ ስቴኖፔታላ ነው፤ የደቡብ ኢትዮጵያና የሰሜን ኬንያ ዛፍ። ጋሞዎች ሃለኮ ይሉታል። ኮንሶ ማሳው ውስጥ ተክሎት ቅጠሉን እንደ ጎመን ቀቅሎ ይበላዋል። እንዲያውም በዕፅዋት ምደባ ከጎመንና ከፓፓያ ጋር አንድ ክፍለ መደብ ውስጥ ነው። አስተኔው (ቤተሰቡ ማለት ነው) ያለው ወገን አንድ ብቻ ነው፤ ሞሪንጋ። በሥሩ 13 ያህል ዝርያዎች አሉ።

በዓለም ገበያ የገነነው ግን የሕንዱ ሞሪንጋ ኦሌይፌራ ነው። በእሱ ላይ የተደረገ ጥናት ለእኛው ማስረጃ አይሆንም፤ ሻጮች ይህን ማንሳት አይወዱም። ችግኝ ስትገዙ ቅጠሉን እዩ፦ የሽፈራው ሰፋ፣ የሕንዱ አነስ ይላል።