ሌ ሲደፈን ሊ ይሆናል፦ ለልጆች ኮሚክ የሚስማማ የአማርኛ ፊደል ስለ መምረጥ

በሜልቦርን ከሚገኙት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች በአንዱ ተቀምጦ ምግቡ እስኪቀርብ የሚጠብቅ ሰው ቀና ቢል፣ ግድግዳው ላይ የንግሥተ ሳባን ታሪክ የሚተርከውን ሥዕል ሊያይ ይችላል። ሥዕሉ በትንንሽ አራት ማዕዘን ክፍሎች የተሸነሸነ ነው፤ የክፍሎቹም ቁጥር ብዙውን ጊዜ 44 ነው። ከዘንዶው አገዛዝ ይጀምርና ነጋዴው ታምሪን ስለ ሰሎሞን ጥበብ ሲያወራ፣ ማክዳ ወደ ኢየሩሳሌም ስትጓዝ፣ ምኒልክ ሲወለድ እያለ ይቀጥላል። በየክፍሉም ሠዓሊው በእጁ የጻፋት አንዲት መስመር ትገኛለች። በብራና መጻሕፍትም ቢሆን ከሥዕሉ አጠገብ «ዘከመ» ብሎ የሚጀምር፣ ማለትም «እንዲህ እንዳደረገ» የሚል አጭር ጽሑፍ ማስፈር የቆየ ልማድ ነው። ሥዕልና ፊደል ጎን ለጎን ሆነው ታሪክ መናገራቸው ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ነገር አይደለም።

እንግዳው ነገር የንግግሩ ክብ ነው። በኮሚክ ውስጥ ሰዎቹ ራሳቸው ይናገራሉ፤ ንግግራቸውም ከአፋቸው በሚወጣ ክብ ውስጥ ይጻፋል። ክቡ ጠባብ ነው፤ አንባቢው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ልጅ ነው። የፊደል ምርጫ ጉዳይም የሚነሣው እዚህ ላይ ነው።

እንደሚታወቀው እዚህ ተወልደው ካደጉት ልጆች ብዙዎቹ አማርኛ ይሰማሉ። «ና ብላ» ወይም «ጫማህን አውልቅ» ሲባሉ ይገባቸዋል። ፊደሉ ሲቀርብላቸው ግን ዝም ይላሉ። የአውስትራሊያው ሠዓሊ ሾን ታን እ.ኤ.አ. በ2006 «ዘ አራይቫል» የተባለ መጽሐፍ አውጥቶ ነበር። የስደተኛን አባት ታሪክ በሥዕል ብቻ ይተርካል። አባትየው በደረሰበት ከተማ የሚታየው ጽሑፍ ሁሉ ሠዓሊው የላቲንን ፊደላት ቆራርጦ በመገጣጠም የፈጠረው ስለሆነ፣ አንባቢውም እንደ ስደተኛው ምንም ማንበብ አይችልም። የመጀመሪያ ቀን ትራም ላይ ተሳፍሮ የት እንደሚወርድ ግራ የገባው ሰው ይህን መጽሐፍ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። ዛሬ ነገሩ ተገልብጦ የእናትና የአባት ፊደል ለልጁ እንደዚያ ከተማ ጽሑፍ ሆኖበታል።

ኮሚክ የሚረዳውም ለዚህ ነው። ልጁ ቃሉን ማንበብ ቢያቅተው ሥዕሉን አይቶ ይገምታል፤ ግምቱንም በፊደሉ ያረጋግጣል። ነገር ግን ፊደሉ ራሱ ካልለየ ግምቱ መያዣ ያጣል። በላቲን ፊደላት አንዱ ከሌላው የሚለየው በአብዛኛው በጠቅላላ ቅርጹ ነው። በእኛ ፊደል ግን ልዩነቱ ያለው ትንሽ ቅጥያ ላይ ነው። ሉ ቅጥያዋ ከወገቧ ላይ ነው፤ ሊ ከእግሯ ሥር፤ ሌ ደግሞ ከእግሯ ሥር ትንሽ ቀለበት አላት። ጽሑፉ ሲያንስ ወይም ቀለሙ ሲፈስ ያች ቀለበት ትደፈንና ሌ ሊ ይመስላል፤ «ቤት»ም «ቢት» ይሆናል። አዋቂ ሰው ከአረፍተ ነገሩ ይረዳዋል። ፊደል በመቁጠር ላይ ያለ ልጅ ግን ያየውን ነው የሚያነበው።

ታዲያ ለልጆቹ ትንሽ ኮሚክ ላዘጋጅ ብሎ ኮምፒውተር የሚከፍት ወላጅ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ኮሚክ ሳንስ ላይ ነው፤ ስሙም ይስባል። ይህን ፎንት ቪንሰንት ኮናሬ የተባለ የማይክሮሶፍት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1994 የሠራው የኮሚክ መጻሕፍትን የእጅ ጽሑፍ አይቶ ነው። ይሁን እንጂ በውስጡ የግዕዝ ፊደል የለም። ስለዚህ እንግሊዝኛው ሲለወጥ አማርኛው ባለበት ይቀራል፤ ኮምፒውተሩ ሳይናገር ከሌላ ፎንት ተበድሮ ይሞላዋል። ወላጁ ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ ደጋግሞ ይጫናል። ያም ቢሆን ከቀድሞው ይሻላል። በ1990ዎቹ እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም ፊደሎቹን በራሱ ሥርዓት ያስቀምጥ ስለነበር በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የምልክት ትርምስ ይሆን ነበር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ መለያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው።

አሁን ከሚገኙት ፎንቶች መካከል ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር አብሮ የመጣ ሲሆን ወፍራምና ቀጭን መስመር ያለው፣ የብዕር ለዛ የማይለየው ነው። ለደብዳቤ ያምራል፤ በጠባብ ክብ ውስጥ ሲያንስ ግን ቀጫጭኑ መስመር ይሳሳል። አቢሲኒካ የቁም ጸሐፊዎችን እጅ የሚያስታውስ ስለሆነ በሥዕሉ አናት ላይ ለሚሰፍረው ትረካ፣ ወይም ንጉሥና ካህን ሲናገሩ ይስማማል። ኖቶ ሳንስ መስመሩ ሁሉ እኩል ውፍረት ስላለው ለልጆች ንግግር ከሁሉም የሚሻለው እርሱ ነው። ጅረትና ውቅያኖስ የተባሉት ጌጠኛ ፎንቶች ለርእስ እንጂ ለንግግር አይሆኑም። አምስት ዓይነት ፊደል የተደባለቀበት ገጽ የሠርግ ጥሪ ይመስላል፤ ለትረካው አንድ፣ ለንግግሩ አንድ ይበቃል።

የእንግሊዝኛ ኮሚኮች ንግግር በትልልቁ ፊደል ብቻ የሚጻፍበት ምክንያት አለው። የድሮዎቹ የሚታተሙት ቀለም በሚመጥ ርካሽ የጋዜጣ ወረቀት ላይ ስለነበር የትንንሾቹ ፊደላት ቀዳዳ ይደፈን ነበር። በዚያም ላይ ትልልቆቹ ቁመታቸው እኩል ስለሆነ መስመሩን ማቀራረብ ይቻላል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ቁመቱም ከሞላ ጎደል እኩል ነው። በዚህ በኩል ለኮሚክ የተፈጠረ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ችግሩ በስፋቱ ነው፤ ሠ እና ጨ ሰፊ ቦታ ይወስዳሉ፤ ቃላቱም እንደ «እስክንመለስ» ያሉ ረጃጅም ናቸው። የጥንት ጸሐፊ መስመር ሲሞላበት ቃሉን የትም ቆርጦ ወደሚቀጥለው መስመር ይሻገር ነበር፤ ለጀማሪ ልጅ ግን ይህ አይመከርም። ስለዚህ ክቡን ቁመተ ረጅም ከማድረግ ይልቅ ወደ ጎን ማስፋት፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ጽሑፉን ጽፎ ክቡን በኋላ በዙሪያው መሣል ይጠቅማል። ክቡን ቀድሞ የሣለ ሰው መጨረሻ ላይ ፊደሎቹን እንደ ሚኒባስ ተሳፋሪ ማጨናነቁ አይቀርም።

ጩኸትንም በሥዕል ማሳየት ያስፈልጋል። እንግሊዝኛው ፊደሉን ያወፍራል፣ ያዘነብላልም። የእኛ ፊደል ሲያዘነብል ቅጥያው ከቦታው የተነሣ ይመስላል፤ ለጀማሪ ይህ ሌላ ጣጣ ነው። በብራና ልማድ የቅዱሳን ስም የሚለየው በቀይ ቀለም ነበር፤ በኮሚክም ቀይ ቀለም ወይም ወፈር ያለ ፊደል ይበቃል። ለሹፈት ደግሞ ትእምርተ ስላቅ አለ። የተገለበጠ ቃለ አጋኖ ሲሆን በአረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይቀመጣል፤ ተናጋሪው የሚለው ሌላ፣ የሚያስበው ሌላ መሆኑን ያመለክታል። ለኮሚክ ከዚህ የበለጠ ምልክት ከየት ይገኛል?

የሚጠብቀውና የሚላላው ድምፅም አለ። በመኪናው የኋላ ወንበር የተቀመጠ ልጅ «ገና ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ አንባቢው ልጅ የልደትን በዓል ሊያስብ ይችላል። «ዋና»ና «አለ»ም እንዲሁ ናቸው። በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ሁለት ነጥብ ማድረግ የቆየ ዘዴ ነው። በኮምፒውተር ያስቸግራል፤ በእጅ ግን ሁለት ጠብታ ነው።

እንዲያውም ብዙው ችግር በእጅ ሲጻፍ ይቀላል። ኤታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ «ጀምበር»ን በእንግሊዝኛና በአማርኛ አውጥቷል፤ ኢትዮጵያዊ ጀግና የሚፈልግ ልጅ ከዚያ ሊጀምር ይችላል። የቤት ውስጡ ኮሚክ ግን ሁለት ኤ4 ወረቀት ከመሐል ታጥፎ ሲሰፋ 8 ገጽ ይወጣዋል። መስመሩ በእርሳስና በማስመሪያ ይሰመራል፤ ሥዕሉን ልጁ ይሥላል፤ ፊደሉን ደግሞ እጃቸው ያማረ አያት ካሉ እርሳቸው ይጽፋሉ። ቀለሙ ሳይደርቅ እርሳሱን ማጥፋት አይገባም። የመጀመሪያው ቅጂ ከፎቶ ኮፒ ሲወጣም ሌዎቹንና ቤዎቹን አንድ በአንድ ማየት ነው፤ ቀለበታቸው ከተደፈነ ሁለተኛው ቅጂ ከመነሣቱ በፊት በቀጭን ብዕር እንደገና ይጻፋሉ።