ነርቭ ሲጫን፦ ወጌሻ ወይስ ሐኪም?

«ወገቤን ያዘኝ፤ ወጌሻ ጥሩልኝ!» በዶሮ ማነቂያ ጠባብ መንደሮች ያደግን ሁሉ ይህን ጥሪ እናውቀዋለን። አንድ ልብስ ሰፊ ጎረቤታችን ዕድሜያቸውን ስፌት መኪና ላይ አጎንብሰው ኖረው ሕመሙ ከወገባቸው ተነሥቶ እስከ እግር ጣታቸው ወረደ። ወጌሻው አሻቸው፤ ባሰባቸው። ሐኪም ሲያያቸው ነርቭ መጫኑ ታወቀ።

በአከርካሪ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የሚያገለግል ዲስክ አለ። ዲስኩ አብጦ ሲወጣ አጠገቡ ያለውን ነርቭ ይጫናል። መደንዘዝና የሚነዝር ሕመም ይከተላል።

በአሜሪካ ዳንኤል ፓልመር በ1895 እ.ኤ.አ. የጀመረው ካይሮፕራክቲክም አከርካሪን በእጅ ያክማል። ባለሙያዎቹ ግን ለዓመታት በኮሌጅ ይማራሉ። ሕክምናው የወገብ ሕመምን በመጠኑ ያስታግሣል እንጂ የወጣ ዲስክን ወደ ቦታው አይመልስም። በተለይ በአገራችን የጀርባ ሕመም መንስኤ የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል። በሽታው የበላውን አጥንት በኃይል መጫን ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ ከእጅ በፊት ምርመራ ይቅደም!

ደስ የሚለው፣ አብዛኛው ሕመምተኛ ያለ ቀዶ ሕክምና ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ይሻለዋል። ተኝቶ ከመክረም ቀስ እያሉ መንቀሳቀስ ይመረጣል። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ በጭኖች መካከል ከደነዘዘ ወይም እግር ከዛለ ግን በዚያው ዕለት ሆስፒታል መሄድ ግድ ነው።

ሕክምና ሳያውቅ የሚያክም ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን ሸሪዓችን ያስተምረናል። ጎረቤታችን አልሐምዱሊላህ ድነው ወደ ስፌታቸው ተመልሰዋል። ወላጆቻችን «ወገቤን» ሲሉ እኛስ መጀመሪያ ወዴት እንወስዳቸዋለን?