ያውቁ ኖሯል? ከማራኔሎ ሙዚየም እስከ ባቲ ቁልቁለት

ያውቁ ኖሯል? ሙዚየሙ በጣሊያን ማራኔሎ ያለው ፌራሪ በራሱ ስም የሠራት የመጀመሪያዋ መኪና፣ እ.ኤ.አ. በ1947 ለውድድር የወጣችው 125 ኤስ፣ እንደተሠራች አልቆየችም። ተፈታታ ክፍሎቿ ለሌሎች መኪኖች ዋሉ። ኩባንያው ከዓመታት በኋላ አምሳያዋን እንደ አዲስ ለማሠራት ተገደደ። ለውድድር ቡድን የአምናው መኪና መለዋወጫ ነው፤ ታሪክ መሆኑ የሚታወቀው ብዙ ቆይቶ ነው።

ያውቁ ኖሯል? በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት አልፋ ሮሜዮ 158 የተባሉትን የውድድር መኪኖቹን ያተረፋቸው ከሚላኖ አቅራቢያ ሜልዞ በሚባል ቦታ፣ በአንድ የአይብ ፋብሪካ ውስጥ ሸሽጎ ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 13 ቀን 1950 በእንግሊዝ ሲልቨርስቶን የዓለም ሻምፒዮና የመጀመሪያው የፎርሙላ ዋን ውድድር ሲካሄድ ጁዜፔ ፋሪና ያሸነፈው በዚያችው 158 ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ የኩባንያው ሙዚየም አሬዜ ላይ አለ። መኪኖቹን ከቦምብና ከዘረፋ የደበቁት ሠራተኞች ባይኖሩ ኖሮ ዛሬ የሚታይ ብዙ ነገር ባልኖረ።

ያውቁ ኖሯል? እ.ኤ.አ. በ2022 የመርሴዲስ ሙዚየም ባለበት በሽቱትጋርት አንዲት 300 ኤስ ኤል አር መኪና በ135 ሚሊዮን ዩሮ ተሽጣለች። ገንዘቡ ለወጣቶች የትምህርት ድጋፍ ተመደበ።

ያውቁ ኖሯል? እ.ኤ.አ. በ1907 የፊያቱ ሹፌር ፌሊቼ ናዛሮ የዓመቱን ሦስት ታላላቅ ውድድሮች፣ ታርጋ ፍሎሪዮን፣ የጀርመኑን የካይዘር ዋንጫና የፈረንሳይ ግራን ፕሪን፣ ሁሉንም አሸነፈ። በዚያው ዓመት እንግሊዛዊው ቢድ ቤንትሊ ሲድሌይ የተባለች መኪና ይዞ ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ ጉዞ ላይ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ዘንድ ደረሰ። ብዙም ሳይቆይ ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትስ ናከ የተባለች መኪና ይዞ ገባ። ባቡሩ ያን ጊዜ ገና ድሬዳዋ ላይ ነበር፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። መኪና ባቡሩን በዘጠኝ ዓመት ያህል ቀደመው ማለት ነው፤ ያውም መንገድ በሌለበት አገር!

ያውቁ ኖሯል? ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ይጠቀሙባቸው የነበሩ መኪኖች ግን በ2017 ዓ.ም. ለሕዝብ በተከፈተው በብሔራዊ ቤተ መንግሥት ለጎብኚ ይታያሉ። መታየታቸው ለእኔ ትልቅ ደስታ ነው። ሆኖም ያ የቤተ መንግሥት ታሪክ ነው፤ የአገሪቱን እህልና ነዳጅ፣ ጨውና ሲሚንቶ የተሸከመው መኪና ታሪክ ሌላ ነው። የእሱ ቦታ ደግሞ እዚህ ባቲ ነው።

ያውቁ ኖሯል? በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው የደሴ–አሰብ መንገድ ባቲን ያቋርጣል። የአዋሽ–ሚሌ መንገድ ከመከፈቱ በፊት ከአሰብ የተጫነ መኪና አዲስ አበባ ለመድረስ ሚሌን፣ ባቲን፣ ኮምቦልቻን፣ ከሚሴን፣ አጣዬን፣ ሸዋ ሮቢትን አልፎ ጣርማ በርን ይወጣ ነበር። ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ3,000 ሜትር በላይ፤ ከአፋር ሐሩር ወደ ደብረ ብርሃን ውርጭ። ዛሬ የአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በምንለው አካባቢ ባቲና ከሚሴ ሁለቱም የዚያ ጉዞ ማረፊያዎች ነበሩ። አሰብ ለኢትዮጵያ ጭነት እስከተዘጋበት እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ የአገሪቱ አብዛኛው ገቢና ወጪ ዕቃ በዚያ ወደብ ያልፍ ነበር። ሰኞ ገበያ የሚመጣ የባቲ ሰው ተሳቢውንና ቦቴውን እያየ ነው ያደገው።

ከእነዚያ የጭነት መኪኖች አንዱ፣ ከጣሊያን የመጣው ትሬንታ ኳትሮ፣ በሙሉ ስሙ ፊያት 634 ኤን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። ከእሱ በኋላ የመጣው ግን ልብ ይሰርቃል፤ ኤን ትሬ!

ያውቁ ኖሯል? ኤን ትሬ የምንለው ፊያት 682 ኤን 3 የወጣበት ዘር መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ሲሆን፣ ምርቱ እስከ 1988 ዘልቋል። ጣሊያኖች ከፊቱ ባለው ጌጥ የተነሣ «ሪዝ» ይሉታል፤ በአህጉራችን ላይ ባሳየው ጥንካሬ ደግሞ «የአፍሪካ ንጉሥ» ብለውታል። የዚያ ዘመን የጣሊያን ጭነት መኪኖች በቀኝ በኩል በሚነዳበት አገር መሪያቸው በቀኝ የሚሆንበት ምክንያትም አለ፤ በተራራ መንገድ ላይ ሹፌሩ የገደሉን ጠርዝ በዓይኑ እንዲያይ ነው። የባቲን ቁልቁለት በጭነት የወረደ ሹፌር ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ማርሹን ቀንሶ፣ ፍሬኑን እየቆጠበ፣ ረዳቱ ታኮ ይዞ ለመዝለል ተዘጋጅቶ የሄደበት መንገድ ነው።

የውድድርና የጭነት መኪኖች ዘመዳሞች ናቸው። ፊያት እ.ኤ.አ. በ1969 የፌራሪን ግማሽ ድርሻ ገዛ፤ በ1970 ደግሞ በአዲስ አበባ የፊያት የጭነት መኪኖችን የሚገጣጥመው አምቼ ተመሠረተ። ከፊያት የጭነት መኪና ቤት የወጣው ኢቬኮ እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2016 ጄራርድ ደ ሮይ በሚባል ሹፌር የዳካርን ራሊ በጭነት መኪና አሸንፏል። በረሃ ላይ የመሮጥ ችሎታው ከየት እንደመጣ የአሰብ መንገድ ሹፌሮችን ይጠይቁ።

ያውቁ ኖሯል? በቱሪን የፊያት ታሪካዊ ማእከል ሜፊስቶፌሌ የምትባል መኪና አለች። የ21.7 ሊትር የአውሮፕላን ሞተር ተገጥሞላት እ.ኤ.አ. በ1924 በሰዓት ወደ 235 ኪሎ ሜትር ሮጣለች። ጣሊያን ፈጣኗን እንዲህ በክብር ታኖራለች። እኛ ለጠንካራው ኤን ትሬ ምን አደረግንለት? ጋቢናው ዝጎ በየጓሮው ቆሞ፣ ብረቱ ለቁራሌ በኪሎ እየተመዘነ ነው።

ሙዚየም ለመሥራት የፌራሪ ገንዘብ አያስፈልግም። አንድ የተጠገነ ኤን ትሬ ከነተሳቢው፣ የድሮ ሊብሬዎች፣ የሹፌሮችና የረዳቶች ፎቶግራፎች፣ አንድ ታኮ፣ በአሰብ መንገድ የኖሩ አዛውንቶች ድምፅ ተቀርጾ፤ ይህ በቂ መነሻ ነው። ሙዚየሙ ባቲ ውስጥ መንገዱ በሚያልፍበት ዳር ሊቆም ይችላል፤ የሰኞ ገበያ ጎብኚ በእግሩ ይደርስበታል።

በጓሮዎ የቆመ ኤን ትሬ ወይም ትሬንታ ኳትሮ ካለ፣ አባትዎ ያስቀመጡት ሊብሬ ወይም ፎቶግራፍ ካለ፣ ለቁራሌ ከመስጠትዎ በፊት ለወረዳዎ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎችም ሰው ሲመጣ እባክዎ ይመዝግቡት፤ የመንገዱን አዛውንት ሹፌሮችም በሕይወት ሳሉ ቃላቸውን ይቅረጹ።