ተጨማሪ መረጃ፦ ድንጋይ የሆነ የዳይኖሰር እበት

በምዕራብ ሸዋ የሚገኘው የሙገር ሸለቆ ስሙን ያወረሰው የጭቃ ድንጋይ ንብርብር በዳይኖሰሮች ዘመን የተከማቸ ነው፤ ዕድሜው ወደ 150 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። በሰሜን ሸዋ፣ ጀማ ሸለቆ ውስጥ፣ ከዚሁ ንብርብር የዳይኖሰር ጥርሶች ተገኝተዋል። እንስሳው የበላውን ከጥርስ ይልቅ በቀጥታ የሚነግረን ግን ኮፕሮላይት፣ ማለትም ድንጋይ የሆነ እበት ነው። የሥጋ በሎች እበት ከአጥንት የመጣ ፎስፌት ስላለው ሳይበሰብስ የመቆየት ዕድሉ ሰፊ ነው። በካናዳ የተገኘ፣ የሥጋ በሉ ዳይኖሰር የቲራኖሶረስ እንደሆነ የሚታመን እበት 44 ሳንቲሜትር ይረዝማል፤ ውስጡም ስብርባሪ አጥንት ሞልቶታል። ባለሙያዎች ኮፕሮላይትን ውሃ እያፈሰሱ በአልማዝ መጋዝ ይቆርጡትና እስከ 0.03 ሚሊሜትር ድረስ ያሳሱታል፤ ያን ጊዜ ብርሃን ያሳልፋል፣ በማይክሮስኮፕም የአጥንት ቅንጣት ወይም የዓሣ ቅርፊት ይታያል። እንዲህ ያለ ድንጋይ ብታገኙ አታንሡት! የተኛበት ንብርብር ካልተመዘገበ ዕድሜውን ማወቅ ያስቸግራል፤ ቅሪተ አካል መሰብሰብም የመንግሥት ፈቃድ ይጠይቃል።