ለማኅበራት ጽሕፈት ቤት፤ ርካሽ ኮምፒዩተርና እንደ ዘር የሚባዛ ሶፍትዌር

በብዙ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ጽሕፈት ቤቶች፣ በአንድ ጥግ ጠረጴዛ ላይ፣ አቧራ እንዳይገባበት በጨርቅ የተሸፈነ ኮምፒዩተር ማየት የተለመደ ሆኗል። አንዳንዱ በቫይረስ ተይዞ ቆሟል። አንዳንዱ እስኪከፈት ድረስ ቡና ተፈልቶ ይደርሳል። ሌላው ደግሞ «ፎርማት ይደረግ» ተብሎ ወደ ከተማ ከተላከ በኋላ የአባላቱ መዝገብ በሙሉ ጠፍቶበት የተመለሰ ነው። የማኅበሩ ጸሐፊም ወደ ደብተሩ ተመልሷል።

ጉዳዩ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። በዚያ መዝገብ ውስጥ የሚገኘው ማን ስንት ዕጣ እንዳለው፣ ማን ስንት ኩንታል ማዳበሪያ በዱቤ እንደ ወሰደ፣ ማን ምን ያህል እህል እንዳስረከበ፣ ከትርፉም ለማን ስንት እንደሚደርሰው ነው። መዝገቡ ሲጠፋ አባሉ በመሪዎቹ ላይ ያለው እምነት አብሮ ይሸረሸራል። ኦዲተር በመጣ ቀን የሚጨነቁትም ሊቀ መንበሩና ገንዘብ ያዡ ናቸው።

በዚህ ላይ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ሌላ ችግር ተጨምሯል። በዚያን ዕለት የአሜሪካው ማይክሮሶፍት ኩባንያ በብዙ የቢሮ ኮምፒዩተሮች ላይ ለሚሠራው ዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የቆየውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት መሣሪያና አዳዲስ ፕሮሰሰሮችን ስለሚጠይቅ፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 በፊት የተሠሩ ብዙ ኮምፒዩተሮች የኩባንያውን መመዘኛ አያሟሉም። ለማኅበራት የሚሰጠው ምክርም አብዛኛውን ጊዜ «አዲስ ግዙ» የሚል ነው። ሌላ መንገድ መኖሩ እምብዛም አይነገራቸውም።

እንደ ዘር የሚባዛ

ኮምፒዩተር በብረቱና በፕላስቲኩ ብቻ አይሠራም። ኪቦርዱን ከስክሪኑ፣ ፋይሉን ከዲስኩ የሚያገናኝና ሥራውን ሁሉ የሚያስተባብር ኦፐሬቲንግ ሲስተም ያስፈልገዋል። ዊንዶውስ ከነዚህ አንዱ ሲሆን፣ ሊኑክስ የሚባለው ሌላው ነው።

የሁለቱን ልዩነት ገበሬው በዘር ምሳሌ በቀላሉ ይረዳዋል። ዲቃላ በቆሎ የሚዘራ ገበሬ ጥሩ ምርት ያገኛል፤ ነገር ግን ካመረተው መልሶ ቢዘራ ምርቱ ስለሚቀንስ በየዓመቱ ዘር መግዛት አለበት። ከአውድማው መርጦ ያስቀመጠውን ጤፍ ግን ራሱ ይዘራዋል፣ ለጎረቤቱም ያበድራል፣ ከማሳው ጋር የሚስማማውን እየለየም ያሻሽለዋል። ኦፕን ሶርስ በመባል የሚታወቀው ሶፍትዌር እንደዚህ ነው። የተሠራበት ኮድ ለማንም ክፍት ሆኖ ይቀመጣል። ማንም ሰው ሊጠቀምበት፣ ሊገለብጠው፣ ለሌላው ሊሰጠውና ሊያሻሽለው በሕግ ተፈቅዶለታል። እንዲያውም ከዘር የሚበልጥበት ነገር አለ፤ ዘር ሲበደር ጎተራው ይጎድላል፣ ሶፍትዌር ግን ለመቶ ማኅበር ቢገለበጥ ከሰጪው ዘንድ ምንም አይጎድልም።

«ነፃ ሶፍትዌር» ሲባል ብዙ ሰው የሚሰማው ገንዘብ የማይከፈልበት መሆኑ ብቻ ነው። ዋናው ቁም ነገር ግን ከጌታ ፈቃድ ነፃ መሆኑ ነው። እዚህ ላይ ከየገበያው የሚገኘውን «ክራክ» የተደረገ ዊንዶውስ ከዚህ መለየት ይገባል። እሱ የተሰበረ ቁልፍ ነው፤ ብዙ ጊዜም ቫይረሱን ይዞ ይመጣል።

ይህንን አሠራር አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 ጀመረ። ፊንላንዳዊው ሊነስ ቶርቫልድስ ደግሞ በ1991 በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ የ21 ዓመት ተማሪ ሳለ ሊኑክስን ጽፎ ለሕዝብ ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ በሺህ የሚቆጠሩ ባለሙያዎች ከየአገሩ አክለውበታል። ከፊሎቹ በኩባንያ ደመወዝ፣ ከፊሎቹ በበጎ ፈቃድ ይሠራሉ። ደቦ ለሚያውቅ ሕዝብ አሠራሩ እንግዳ አይደለም፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለውም ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ነው። በነገራችን ላይ አንድሮይድ ስልክ በኪሱ የያዘ ገበሬ ሁሉ ሊኑክስን ሳያውቀው እየተጠቀመበት ነው፤ የአንድሮይድ መሠረቱ እሱ ነውና።

ከ100 ዶላር ላፕቶፕ እስከ ወንጪ

ሶፍትዌሩ ዋጋ ሳይጠይቅ ሲገኝ፣ መሣሪያውንም ማርከስ ይቻላል የሚል ሐሳብ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካዊው ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ለድኻ አገር ልጆች የ100 ዶላር ላፕቶፕ እንደሚያሠራ አስታወቀ። በ2007 ማምረት ሲጀመር ዋጋው ወደ 188 ዶላር ተጠግቶ ነበር። አረንጓዴና ነጭ ቀለም ያለው ይኸው መሣሪያ በሊኑክስ የሚሠራ፣ ስክሪኑ በጠራራ ፀሐይ የሚነበብ፣ ኤሌክትሪክም በጣም ጥቂት የሚወስድ ነበር። ከ2008 ጀምሮ ጥቂት ሺህ የሚሆኑት ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶችም ገብተዋል።

በ2012 ያው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት በሌለባቸው ሁለት መንደሮች፣ በእያንዳንዱ ለ20 ያህል ፊደል ላልቆጠሩ ሕፃናት በፀሐይ ኃይል የሚሞላ አንድሮይድ ታብሌት በካርቶኑ እንዳለ አደለ። መምህር አልተመደበም። ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት እንደ ተናገረው፣ አንድ ልጅ በ4 ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ። በ5 ወር ውስጥም ልጆቹ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ እስከ መክፈት ደረሱ። የገጠር ልጅ ለመሣሪያው እንግዳ ሆኖ እንደማይቀር ይህ በቂ ማስረጃ ነው። ሆኖም ማብሪያን ማግኘትና ማንበብ መቻል አንድ አይደሉም።

ይህ ልዩነት በፔሩ በግልጽ ታይቷል። የፔሩ መንግሥት ከ800,000 በላይ ላፕቶፖች ገዝቶ ለትምህርት ቤቶች አከፋፈለ። በ2012 የወጣውና 319 የገጠር ትምህርት ቤቶችን የመረመረው የኢንተር አሜሪካን ልማት ባንክ ጥናት፣ የተማሪዎቹ የሒሳብና የቋንቋ ውጤት በላፕቶፑ ምክንያት አለመሻሻሉን አሳየ። በአንጻሩ በህንድ የኬረላ ክፍለ ግዛት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሊኑክስን ሲያስገቡ በመምህራን ሥልጠና ላይ ተመሥርተው ነበር፤ ሲስተሙንም ለራሳቸው እንዲስማማ አድርገው ዛሬም ይሠሩበታል። ፔሩ ሣጥን ገዛች፤ ኬረላ ሰው አሠለጠነች።

ከርካሾቹ መሣሪያዎች ረጅም ዕድሜ ያገኘው በእንግሊዝ አገር ካምብሪጅ የተጀመረው ራስበሪ ፓይ ነው። በ2012 በ35 ዶላር ሲወጣ ስፋቱ ከመታወቂያ ወረቀት አይበልጥም ነበር። ከዚያ ወዲህ ከ60 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። በ2020 ደግሞ በኪቦርድ ውስጥ ተገጥሞ በ70 ዶላር ቀረበ። ዋጋው ግን ሁልጊዜ ወደ ታች አይሄድም፤ በ2025 የማስታወሻ ቺፕስ ዋጋ በመናሩ አምራቹ ጭማሪ አድርጓል። ስክሪኑም ለብቻው ይገዛል። ትልቁ ጥቅሙ በኤሌክትሪኩ በኩል ነው። አሮጌ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ከስክሪኑ ጋር ብዙ ጊዜ ከ100 ዋት በላይ ሲፈልግ፣ የኪቦርዱ ራስበሪ ፓይ ያለ ስክሪኑ ከ15 ዋት አያልፍም። መብራት ላልደረሰበትና በፀሐይ ኃይል ለሚሠራ ጽሕፈት ቤት ይህ ወሳኝ ነው። ድክመቱ መረጃውን በትንሽ የማስታወሻ ካርድ ላይ ማስቀመጡ ሲሆን፣ ኃይል በድንገት ሲቋረጥ ካርዱ ሊበላሽ ይችላል።

አሮጌውን ማስነሣት

ለአብዛኞቹ ማኅበራት ግን ከሁሉ የረከሰው ኮምፒዩተር ያው በጨርቅ የተሸፈነው ነው። ሊኑክስ ሚንት የተባለው ዓይነት 2 ጊጋባይት ራምና 20 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ካገኘ ይሠራል። ሲስተሙን በአንድ ፍላሽ ላይ ጭኖ፣ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለውን ምንም ሳይነኩ ከፍላሹ አስነሥቶ መሞከር ይቻላል። ስክሪኑ፣ ኪቦርዱና ፕሪንተሩ መታዘዛቸው ከታየ በኋላ ብቻ ነባሩን ፋይል ወደ ሌላ ቦታ ገልብጦ ሲስተሙን መትከል ይገባል። ይህንን ቅደም ተከተል የሚዘል ባለሙያ ቢመጣ መሪዎቹ እጁን ሊይዙት ይገባል፤ መዝገብ የሚጠፋው በዚህ ጊዜ ነውና።

አብሮት የሚመጣው ሊብሬ ኦፊስ ደብዳቤ ለመጻፍ፣ የአባላት ዝርዝር ለመያዝና ሒሳብ ለመደመር ይበቃል። ለምሳሌ 600 አባላት ያሉት አንድ ማኅበር የዕጣ፣ የማዳበሪያ ዕዳና የእህል ርክክብ ሠንጠረዡን ያለ ችግር ይይዝበታል። የግዕዝ ፊደልም በ1999 በዓለም አቀፉ የፊደላት ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ ከገባ ወዲህ አማርኛ በሊኑክስ ይጻፋል፣ ይነበባል።

እንቅፋት የለም ማለት ግን አይደለም። አንደኛ፣ ብዙ የሒሳብ ሠራተኞች የለመዱት ፒችትሪ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። ዩኒየኑ በፒችትሪ የሚሠራ ከሆነ መሠረታዊ ማኅበሩ ሲስተሙን ከመለወጡ በፊት ከዩኒየኑ ሒሳብ ሹም ጋር ቢነጋገር ይሻላል፤ አለዚያ በዓመቱ መጨረሻ ሒሳቡ ዳግመኛ በእጅ መጻፉ ነው። ከዚህም ሌላ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የአማርኛ ፎንቶች የተጻፉ አሮጌ ደብዳቤዎች ፎንቱ በሌለበት ሲከፈቱ ፊደላቸው ወደማይነበብ ምልክት ይለወጣል። እነዚህን አስቀድሞ አትሞ በፋይል ማስቀመጥ ይቀልላል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የሰው ጉዳይ ነው። በወረዳው ከተማ ዊንዶውስ የሚጠግን ሞልቶ ሊኑክስ የሚያውቅ ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ የሥራ አመራር ኮሚቴው ለመሣሪያ ከሚመድበው ገንዘብ ላይ ለሥልጠና የሚሆነውን አስቀድሞ ይለይ። የሚሠለጥኑትም ሁለት ይሁኑ፤ አንዱ ሥራ ለውጦ ቢሄድ ወይም ቢታመም ሁለተኛው እንዲተካ። በአካባቢው አሥር የተጨረሰ ወጣት ልጅ ያለው አባል አይጠፋም፤ የወንጪ ልጆች ያለ መምህር ካሜራ ከከፈቱ፣ አስተማሪ ያገኘ ወጣት ሠንጠረዥ መያዝ አያቅተውም። አጎራባች ማኅበራትም አንድ ዓይነት ሲስተም ቢይዙ አንዱ የሌላውን ባለሙያ ሊበደር ይችላል።

ደብተሩ ግን ወዲያው አይጣል። ቢያንስ አንድ የምርት ዘመን ደብተሩና ኮምፒዩተሩ ጎን ለጎን ይሂዱ፤ የሁለቱ ድምር በየወሩ ይነጻጸር፤ ልዩነት ከተገኘም ምክንያቱ በቃለ ጉባኤ ይያዝ። መዝገቡ በየሳምንቱ መጨረሻ በሁለት ፍላሽ ይገልበጥ። አንዱ በማኅበሩ ካዝና፣ ሁለተኛው ከጽሕፈት ቤቱ ውጭ በቁጥጥር ኮሚቴው ሰብሳቢ እጅ ይቀመጥ፤ የተገለበጠበት ቀንም በላዩ ይጻፍበት።